ናሎክሶን በትምህርት ቤት፦ አቀማመጡና አሰጣጡ

ኦፒዮይድ ከመጠን በላይ የወሰደ ልጅን የሚገድለው የትንፋሽ መቆም ነው። ሞርፊን፣ ኮዴይን፣ ትራማዶል፣ ሜታዶን፣ ሄሮይንና ፌንታኒል የዚሁ የኦፒዮይድ ቤተሰብ ናቸው። ሕመም የሚያስታግሡት አንጎል ውስጥ ባሉ መቀበያዎች ላይ ተቀምጠው ነው፤ እነዚሁ መቀበያዎች ግን መተንፈስን በሚያዘው የአንጎል ክፍልም አሉ። መጠኑ ሲበዛ አንጎል የመተንፈስ ትእዛዝ መስጠቱን ይተዋል። ልብ ለጥቂት ጊዜ ትመታለች፣ የምታዞረው ደም ግን ኦክስጅን እያጣ ይሄዳል። ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎል መጎዳት ይጀምራል።

ናሎክሶን ይህን የሚቀለብስ መድኃኒት ነው፤ ኦፒዮይዱን ከመቀበያው ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ራሱ አያሰክርም፣ ሱስ አያሲዝም፤ ኦፒዮይድ ላልወሰደ ሰው ቢሰጥም አይጎዳም። አሜሪካ ውስጥ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐኪሞች እጅ የኖረ መድኃኒት ሲሆን፣ በአፍንጫ የሚረጨው ባለ 4 ሚሊግራሙ በ2023 እ.ኤ.አ. ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። ለመስጠት ነርስ መሆን አያስፈልግም። ትምህርት ቤቶችን በብዛት የሚያሰናክላቸው መድኃኒቱን ገዝተው ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ባለ ቁም ሣጥን ማስቀመጣቸው ነው። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል፦ ልጁ ከወደቀበት ቦታ ሄዶ መድኃኒቱን ይዞ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ከ3 ደቂቃ መብለጥ የለበትም።

የትኛውን ዓይነት፣ ስንት?

ለትምህርት ቤት የሚስማማው በአፍንጫ የሚረጨው ባለ 4 ሚሊግራም ነው። መርፌ የለውም፣ መጠን መለካት አይጠይቅም፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ መምህርም ይሰጠዋል። ለአዋቂም ለልጅም መጠኑ አንድ ነው። አንድ ፓኬት ብዙውን ጊዜ ሁለት መርጫ ይይዛል፤ እያንዳንዱ መርጫ አንድ ጊዜ ብቻ ይረጫል።

ባለ 8 ሚሊግራምም ገበያ ላይ አለ፤ የበለጠ ያድናል ብለው አይምረጡት። የኒው ዮርክ ግዛት ፖሊሶች ሁለቱን መጠኖች የተጠቀሙበት ጥናት በ2024 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ በሕይወት በመትረፍ በኩል ልዩነት አልታየም። ባለ 8ቱን የተሰጣቸው ግን ማስታወክን ጨምሮ ከኦፒዮይዱ በድንገት የመለየት ስቃይ በብዛት ታይቶባቸዋል። ራሱን ሳያውቅ ማስታወክ ደግሞ በራሱ አደጋ ነው።

ርጭቱ የማይገኝ ከሆነና ያለው በመርፌ የሚሰጠው ብቻ ከሆነ፣ 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.4 ሚሊግራም የያዘውን መግዛት ይቻላል። ሙሉው 1 ሚሊ ሊትር በጭን ውጫዊ ጎን ወይም በላይኛው ክንድ ጡንቻ ይወጋል። ይህ ግን መርፌ መውጋት የሠለጠነ ሰው በየሰዓቱ ግቢው ውስጥ መኖሩን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ምርጫ ነው።

ብዛቱን በተማሪ ቁጥር አያስሉ፤ በርቀት ያስሉ። ሰዓት ይዘው ከእያንዳንዱ ሕንፃ ጥግ መድኃኒቱ ወዳለበት ፈጠን ብለው ይሂዱና ይመለሱ። 3 ደቂቃ ካለፈ ሌላ ማስቀመጫ ያስፈልጋል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ማስቀመጫ ቢያንስ ሁለት መርጫ ይኑር፤ በዋናው ክሊኒክ አራት። ከግቢ ውጭ ለሚደረግ ጉዞና ውድድር የሚሄድ አንድ ተጨማሪ ፓኬት ይግዙ፤ ከግድግዳው ላይ ነቅሎ የሚወስድ ካለ ግቢው ባዶ ይቀራልና።

የት ይቀመጥ?

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ትኩረት ይሻል።

የልብ ማስነሻ መሣሪያ ያለው ትምህርት ቤት ቀላል መልስ አለው፦ ከጎኑ ይስቀሉት። ሰዎች በአደጋ ጊዜ ወደዚያ መሮጥን ለምደዋል። መሣሪያው ከሌለ ሦስት ቦታዎችን ያስቡ፦ የጽሕፈት ቤቱ መግቢያ፣ የስፖርት አዳራሹ፣ ከመጸዳጃ ቤቶች አቅራቢያ ያለው መተላለፊያ። መጸዳጃ ቤትን የምናነሣው በምክንያት ነው። ተማሪ ክኒን ተደብቆ የሚውጠው እዚያ ነው፣ የሚወድቀውም በተዘጋ በር ጀርባ ነው። እግረ መንገድዎን የመጸዳጃ ቤት በሮችን ይፈትሹ። ከውስጥ የተቀረቀረውን በር ከውጭ በሳንቲም ወይም በጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ መክፈት የሚቻል መሆን አለበት፤ ካልሆነ መቀርቀሪያውን ያስቀይሩ። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር የወደቀ ልጅ ሲደገፍበት አይገፋምና፣ ወደ ውጭ የሚከፈት ቢሆን ይመረጣል።

ሣጥኑ አይቆለፍ። ተማሪዎች ይነካኩታል ተብሎ ከተፈራ በቀላሉ የሚበጠስ የፕላስቲክ ማኅተም ወይም ሲከፈት የሚጮህ ደወል ይደረግለት። ናሎክሶን ተሰርቆ የሚሰከርበት ነገር አይደለም፤ ቢጠፋ የሚጎዳን በሚያስፈልግበት ሰዓት ስለሚጎድል ብቻ ነው።

ሙቀቱን ይጠብቁ። መድኃኒቱ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ ይቀመጣል፤ ለአጭር ጊዜ እስከ 40 ዲግሪ ቢደርስ ይታገሣል። ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ሥር፣ የማሞቂያ አጠገብና የመኪና ኪስ አይሆኑም። ማቀዝቀዣም አያስፈልገውም። በረዶ እስኪሆን ከቀዘቀዘ መርጫው አይረጭም። በረዶ የሆነ መርጫ ቢገኝ 15 ደቂቃ በክፍል ሙቀት ካቆዩት ቀልጦ ይሠራል፤ ልጁ ግን ያ 15 ደቂቃ የለውም።

በሣጥኑ ውስጥ ከመርጫዎቹ ሌላ የሚከተሉት ይኑሩ፦

- አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ያለው የአፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጫ ጭንብል
- ሁለት ጥንድ የናይትሪል ጓንት
- የማይለቅ ቀለም ያለው ማርከር
- ልብስ መቅደጃ መቀስ
- ደረጃዎቹ በትልልቅ ፊደል የታተሙበት፣ በፕላስቲክ የተለበጠ አንድ ገጽ

ማርከሩ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሰዓቱን በልጁ ግንባር ወይም በራስዎ እጅ ጀርባ ላይ ይጽፉበታል፦ "ናሎ 10:42"። በግርግር መሃል 2 ደቂቃ እንደ 10 ደቂቃ ይረዝማል፤ ሰዓቱን ያልጻፈ ሰው ሁለተኛውን መርጫ ቸኩሎ ይሰጣል፣ የአምቡላንስ ባለሙያ ሲጠይቀውም የሚናገረው የለውም።

ከመምጣቱ በፊት የሚፈረም

መድኃኒቱን ከመስቀልዎ በፊት አንድ አጭር ሰነድ ይዘጋጅ። በአገሩ ሕግ ትምህርት ቤት ናሎክሶን የሚያገኘው በሐኪም አጠቃላይ ትእዛዝ ከሆነ ትእዛዙ ይፈረም፤ ለአንድ በስሙ ለተጠቀሰ ተማሪ ሳይሆን አደጋ ለደረሰበት ለማንኛውም ሰው የሚል ይሁን። በቅን ልቦና ለሚሰጥ ሠራተኛ ያለው የሕግ ጥበቃ በግልጽ ይጻፍ። የሚያመነታ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመነታው "ብሳሳት እከሰሳለሁ" ብሎ ነው።

ሥልጠናው ለነርስ ብቻ አይሁን። ነርሷ በሌለችበት ቀን ማን ይሰጣል? ከትምህርት ሰዓት በኋላ በስፖርት ልምምድ ጊዜስ? ጥበቃዎች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ የስፖርት መምህራን፣ ጸሐፊዋ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ይሠልጥኑ። መጸዳጃ ቤት ውስጥ የወደቀ ልጅ አስቀድሞ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በጽዳት ሠራተኛ ነው።

ሌላው፣ እኛ በጣም የምንጠነቀቅለት አንቀጽ፣ ጓደኛው ስለወደቀ ርዳታ የጠራ ተማሪ በዚያ ምክንያት አይቀጣም የሚለው ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል ከ2019 አጋማሽ እስከ 2021 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከመጠን በላይ በመውሰድ የሞቱ ከ10 እስከ 19 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ሲመረምር፣ በሁለት ሦስተኛ ያህሉ አጠገብ ሊረዳ የሚችል ሰው እንደነበር አግኝቷል፤ አብዛኞቹ ግን ምንም ርዳታ አላደረጉም። እንቅልፍ መስሏቸው የተዉ አሉ፣ ጭራሽ ያላዩም አሉ። መባረርን የሚፈራ ልጅ ደግሞ አይቶም ዝም ሊል ይችላል፤ ትምህርት ቤት ማስቀረት የሚችለው ይህንኛውን ነው።

ወላጆች በዓመቱ መጀመሪያ በደብዳቤ ይወቁት። ረጅም አያስፈልግም፦ "በትምህርት ቤታችን ናሎክሶን ይገኛል። ትንፋሹ ለደከመ ማንኛውም ተማሪ፣ ሠራተኛ ወይም እንግዳ የሠለጠነ ሰው ወዲያውኑ ይሰጠዋል፣ አምቡላንስም ይጠራል፣ ቤተሰብም ይነገረዋል።"

ምልክቱን መለየት

ሦስት ነገሮች አብረው ይታያሉ፦ ልጁ አይነቃም፣ ትንፋሹ በጣም የዘገየ ወይም የቆመ ነው፣ የዓይን ብሌኑ እንደ መርፌ ጫፍ ጠቧል። ብሌኑን ለማየት ጊዜ አያጥፉ፤ ከሌላ ነገር ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ወይም ኦክስጅን ካጣ ከቆየ ብሌኑ ላይጠብ ይችላል። ወሳኙ ትንፋሽ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ድምፁ ነው። ጉሮሮው ውስጥ ውሃ የሚፈላ የሚመስል ማንኮራፋት ሲሰማ፣ "ተኝቷል፣ ተዉት" ይባላል። ያ ድምፅ የላላ ምላስ የአየር መንገዱን ሲዘጋ የሚሰማ ነው። እንዲህ የሚያንኮራፋን ተማሪ ይቀስቅሱት፤ ካልነቃ አደጋ ነው። ከንፈርና ጥፍር ሰማያዊ ይሆናል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ አመድማ ሆኖ ይታያልና የከንፈሩን ውስጠኛ ክፍል፣ ድዱንና የጥፍሩን ሥር ይዩ።

ክኒኑ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደዋጠ ማወቅ አይጠበቅብዎትም። ከመንገድ የሚገዛ ክኒን የሕመም ማስታገሻ ወይም የማረጋጊያ መልክ ተሰጥቶት ውስጡ ፌንታኒል ሊሆን ይችላል፤ ፌንታኒል ከሞርፊን ከ50 እስከ 100 እጥፍ ይበረታል። ልጁ ራሱ የወሰደውን ላያውቅ ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ይስጡ።

አሰጣጡ

1. ይቀስቅሱት። በስሙ ይጥሩት፣ ትከሻውን ይወዝውዙ። ካልመለሰ ጡጫዎን ጨብጠው በጣቶችዎ አንጓ የደረቱን መሃል አጥንት አጥብቀው ይፈግፍጉት። በጥፊ አይምቱ፣ ውሃ አይድፉበት፣ ወተት ወይም ቡና አያጠጡ፤ ራሱን ያላወቀ ሰው የሚጠጣው ነገር ወደ ሳንባው ይገባል።

2. ሰው ይላኩ። "አንድ ሰው ይደውል" ቢባል ማንም አይደውልም። በጣትዎ እያመለከቱ በስም ይዘዙ፦ "አንተ አምቡላንስ ጥራ፤ አንቺ ናሎክሶኑንና የልብ ማስነሻውን አምጪ፤ አንተ በር ላይ ቆመህ አምቡላንሱን ምራ።" ብቻዎን ከሆኑ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው መሬት ላይ ያስቀምጡት። ለአምቡላንስ "ራሱን አያውቅም፣ አይተነፍስም" ይበሉ፤ ይህ ከመድኃኒት ስም ይልቅ ያስቸኩላቸዋል።

3. ትንፋሹን ያረጋግጡ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ቢበዛ ለ10 ሰከንድ ይመልከቱ። ካልተነፈሰ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ አየር ለመሳብ የሚታገል ከሆነ መድኃኒቱ እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ደረጃ 5ን ይጀምሩ። መድኃኒቱ አጠገብዎ ካለ አስቀድመው ይርጩ።

4. ይርጩ። በጀርባው ያስተኙት፣ አንገቱን ከሥር ደግፈው ራሱን ወደ ኋላ ያጋድሉ። ማሸጊያውን ከጀርባው በኩል ይላጡ። አውራ ጣትዎ ከታች ያለው መጫኛ ላይ፣ አመልካችና መሃል ጣትዎ በጫፉ ግራና ቀኝ ይሁኑ። ለሙከራ አይጫኑት። ሰዎች እንደ ሽቶ አንድ ጊዜ ወደ አየር ይረጩታል፤ ያኔ መድኃኒቱ ሁሉ ወጥቷል፣ መርጫው ባዶ ነው። ጫፉን ወደ አንዱ አፍንጫ ጣቶችዎ የአፍንጫውን ሥር እስኪነኩ ያስገቡና መጫኛውን እስከ መጨረሻው አጥብቀው ይጫኑ። ልጁ ባይተነፍስም ይሠራል፤ መድኃኒቱ የሚገባው በአፍንጫው ስስ ሽፋን በኩል እንጂ በመሳብ አይደለም። አፍንጫው በንፍጥ ወይም በደም ከተሞላ ይጥረጉና ይርጩ። ሰዓቱን ይጻፉ።

5. ትንፋሽ ይስጡ። ናሎክሶኑ ለመሥራት 2 ወይም 3 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በዚያ መሃል አንጎሉን የሚያቆየው የእርስዎ ትንፋሽ ነው። ብዙ ሰዎች ረጭተው ቆመው ያያሉ። አገጩን ያንሡ፣ ጭንብሉን አፍና አፍንጫው ላይ ያስጠጉ፣ ደረቱ ከፍ እስኪል ይተንፍሱለት፤ ለአዋቂና ለደረሰ ወጣት በየ5 ወይም 6 ሰከንዱ አንድ፣ ለትንሽ ልጅ በየ2 ወይም 3 ሰከንዱ አንድ። ደረቱ ካልተነሣ ራሱን በደንብ አላጋደሉትም፤ አስተካክለው ይድገሙ። የልብ ምቱ መኖሩን በእርግጠኝነት ካላወቁ፣ ወይም የልብ ምት መፈተሽ ካልሠለጠኑ፣ ደረቱን መጫን ይጀምሩ፦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ በየ30 ጭነቱ ሁለት ትንፋሽ። የልብ ማስነሻው ሲመጣ ያብሩትና የሚለውን ይከተሉ።

6. ከ2 እስከ 3 ደቂቃ በኋላ ትንፋሹ ካልተመለሰ በአዲስ መርጫ በሌላው አፍንጫ ይድገሙ። አሁንም ካልተመለሰ መርጫ እስካለ ድረስ በዚያው ልዩነት ይቀጥሉ፤ ትንፋሽ መስጠቱ አይቋረጥ። አንዱ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር፦ ሰውነቱ ላይ የተለጠፈ የሕመም ማስታገሻ ፕላስተር ካለ በጓንት ያንሡት፤ ፌንታኒል በዚያ መንገድም ይሰጣል።

7. በራሱ መተንፈስ ከጀመረ በጎኑ ያስተኙት፣ የላይኛውን ጉልበት አጥፈው፣ እጁን ከጉንጩ ሥር አድርገው። ቢያስታውክ ወደ ውጭ ይፈስሳል።

ግባችሁ ትንፋሽ ነው፣ ንቃት አይደለም። ደህና እየተነፈሰ ዓይኑን ያልገለጠ ልጅ ሦስተኛ መርጫ አያስፈልገውም። ማረጋጊያ ክኒን፣ አልኮል ወይም ዛይላዚን (የእንስሳት ማደንዘዣ) ተቀላቅሎ ከሆነ ናሎክሶኑ እነዚያን አያነሣም፤ ትንፋሹ ተመልሶ ልጁ እንደተኛ ሊቆይ ይችላል።

ፌንታኒል የነካውን ሰው ይገድላል የሚለው ፍርሃት ርዳታ የሚያዘገይ ወሬ ነው። በአጋጣሚ ዱቄቱ ቆዳን ቢነካ አያሰክርም። ጓንት ያድርጉ፣ እጅዎን በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ፣ ያገኙትን ክኒን አይቅመሱ፤ ይበቃል።

ከነቃ በኋላ

ልጁ ሊደነግጥ፣ ሊያልበው፣ ሊያስታውክ፣ ሊቆጣ ይችላል። ኦፒዮይዱ በድንገት ስለተነጠቀበት ነው። በዝግታ ያናግሩት፦ "ትንፋሽህ ቆሞ ነበር፣ መድኃኒት ሰጥተንሃል፣ አምቡላንስ እየመጣ ነው።" ምን ወሰድክ፣ ከማን ገዛህ የሚል ምርመራ ያኔ አይጀመርም። ሌሎች ተማሪዎችን ከአካባቢው ያርቁ፤ በስልክ የሚቀርጽ እንዳይኖር አንድ ሰው ይመደብ።

ቢነቃም፣ "ደህና ነኝ" ቢልም ወደ ክፍሉ አይመለስ፣ ብቻውን አይተው፣ በቤተሰብ መኪና ወደ ቤት አይላክ። ናሎክሶን የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ ሜታዶንና መሰል መድኃኒቶች ከዚያ በላይ ደም ውስጥ ይቆያሉ። ናሎክሶኑ ሲያልቅ ኦፒዮይዱ ወደ መቀበያው ይመለሳል፣ ትንፋሹም እንደገና ይደክማል። ሆስፒታል ገብቶ ክትትል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ያገለገሉትን መርጫዎች ከአምቡላንሱ ጋር ይላኩ ወይም መጠኑንና ሰዓቱን ጽፈው ይስጡ።

የሚመዘገበው፦ የተገኘበት ሰዓትና ቦታ፣ እያንዳንዱ መርጫ የተሰጠበት ሰዓት፣ በየትኛው አፍንጫ፣ የመድኃኒቱ የምርት መለያ ቁጥር፣ ትንፋሹ የተመለሰበት ሰዓት፣ አምቡላንሱ የደረሰበት ሰዓት። መዝገቡ በጤና ማኅደር ይያዝ፤ በመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። ተማሪው ሲመለስ ማን እንደሚያነጋግረው፣ ከሕክምና ጋር ማን እንደሚያገናኘው አስቀድሞ ይወሰን። ርዳታ የሰጡት ሠራተኞችም፣ ያዩት ተማሪዎችም በዚያው ቀን የሚያነጋግራቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ልምምድና ቁጥጥር

በዓመት ሁለት ጊዜ ይለማመዱ። መድኃኒት የሌለበት የመለማመጃ መርጫ አለ፤ ያን ይጠቀሙ። ሳያስጠነቅቁ አንድ ሰው ራቅ ባለ መጸዳጃ ቤት ይተኛና ሰዓት ይያዝ። የሚለካው መርጫው አፍንጫው ውስጥ እስኪገባ ያለው ጊዜና የመጀመሪያው ትንፋሽ እስኪሰጥ ያለው ጊዜ ነው። በሁለተኛው ብዙ ቡድኖች ይወድቃሉ፤ እዚያ ላይ ይቆዩ፣ ደጋግሙ።

በየወሩ አንድ በስም የተመደበ ሰው ሣጥኖቹን ይክፈት። ማኅተሙ አለ? መርጫዎቹ በማሸጊያቸው ናቸው? ጭንብሉ አልተሰነጠቀም? በማሸጊያው ላይ የታተመው ቀን መቼ ያልቃል? በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የባለ 4 ሚሊግራሙ ርጭት የአገልግሎት ዘመን አዲስ ለሚመረቱት ከ3 ወደ 4 ዓመት ከፍ ብሏል፤ እርስዎ ግን በእጅዎ ባለው ላይ የታተመውን ይከተሉ። ከማብቂያው 3 ወር ቀደም ብለው ምትኩን ይዘዙ፤ አሮጌውን አዲሱ እስኪገባ አይጣሉ። ጊዜው ያለፈበት መርጫ ብቻ እጅዎ ላይ ካለና ልጁ ካልተነፈሰ ያንኑ ይስጡ።

አንድ መርጫ ጥቅም ላይ በዋለበት ቀን ሣጥኑ ሳይተካ ግቢው አይዘጋ። ለጉዞ የተገዛው ተጨማሪ ፓኬት ለዚያ ምሽት ይሰቀልና ምትኩ በማግስቱ ይታዘዝ።